ዘጠነኛዋን ፕላኔት ያገኘው የገበሬ ልጅ

ለዛሬ ሕይወቱን ልናስተዋውቃችሁ የመረጥነው ሰው ጦር አልመራም፣ አገር አላስተዳደረም፣ የከበርቴ ልጅም አልነበረም። ስሙ ክላይድ ቶምቦ ይባላል። ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ ኮሌጅ ለመግባት አቅም ያጣ የገበሬ ልጅ ነበር። ይኸው ሰው በ24 ዓመቱ ፕሉቶን አገኘ። እሱ ባረፈ በዘጠኝ ዓመቱ ግን የዓለም የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ተሰብስበው ፕሉቶን ከፕላኔቶች ዝርዝር አወጧት።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን በመካከላችን የማይሞት አንድ ክርክር ነው። ፕላኔቶች ስንት ናቸው? በዕድሜ የሚበልጡን መምህራን ዘጠኝ ብለው ተምረዋል፤ እኛ ሠልጣኞች ደግሞ ስምንት። ነገ ጠመኔ ይዘን ክፍል ስንገባ አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ አባቴ ዘጠኝ ነው ብሎኛል ቢለን ምን እንመልስለታለን? አባትህ ተሳስቷል ብለን ልናስቀምጠው ነው? ለዚህ መልስ ከመፈለጋችን በፊት የሰውየውን ሕይወት እንመልከት። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመኑን የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በረዶ የመታው ተስፋ

ቶምቦ የተወለደው ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1906 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ስትሪተር በተባለ ስፍራ ነው። ከስድስት ልጆች የመጀመሪያው ነበር። ወላጆቹ በእርሻ ይተዳደሩ ስለነበር እሱም ያደገው እየሠራ ነው። አጎቱ አንድ ትንሽ ቴሌስኮፕ ነበራቸውና ልጁ ጨረቃንና ፕላኔቶችን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በሷ ነው። ከዚያ በኋላ ዓይኑ ከሰማይ አልተነቀለም።

በ1922 ቤተሰቡ ካንሳስ ግዛት ውስጥ በርዴት ወደምትባል የገጠር ከተማ ተዛወረ። ቶምቦ እዚያው በ1925 ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀቀ። ኮሌጅ የመግባት ምኞት ነበረው፤ ይሁን እንጂ የቤተሰቡን ሰብል በረዶ መታው። የትምህርት ተስፋውም ከሰብሉ ጋር አብሮ ረገፈ።

በረዶ ሰብል መታ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ለጉና ሥር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በፋርጣም ሆነ በጋይንት ገብሱ አሽቶ፣ ድንቹ አብቦ፣ ቤተሰቡ በልቡ የልጆቹን ደብተርና ልብስ ገዝቶ ሳለ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁርና ሁሉ ነገር በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ከእንዲህ ዓይነቱ ቀን በኋላ የትምህርት ነገር የሚቆምበት ቤት ብዙ ነው። ቶምቦም እንደማንኛውም የገበሬ ልጅ ወደ እርሻው ተመለሰ። ልዩነቱ ማታ ማታ የሚያደርገው ነገር ላይ ነው።

ጉድጓዱና ቴሌስኮፑ

ቶምቦ በ1926፣ ማለትም ዛሬ አብዛኞቻችን ባለንበት በ20 ዓመት ዕድሜው፣ በገዛ እጁ የመጀመሪያውን ቴሌስኮፕ ሠራ። ቴሌስኮፕ ሲባል ትልቁ ሥራ መስተዋቱ ነው። የከዋክብትን ብርሃን አንድ ነጥብ ላይ የሚሰበስበው ጎርጓዳ መስተዋት ለዓይን በማይታይ መጠን እንኳ ከተዛባ ምስሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ ብርጭቆውን በእጅ እየፈተጉ፣ እየለኩ፣ እንደገና እየፈተጉ መሥራት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው መስተዋቱ ቶምቦን አላረካውም።

ችግሩ አየሩ ነበር። መስተዋቱን ሲመረምረው ሙቀቱ ከፍ ዝቅ ካለ፣ ነፋስም ካወከው፣ ምርመራው ትክክለኛ ውጤት አይሰጥም። ታዲያ ምን አደረገ? ጉድጓድ ቆፈረ! ርዝመቱ 7 ሜትር ያህል፣ ወርዱ 2 ሜትር፣ ጥልቀቱ ደግሞ ወደ 2 ሜትር ተኩል የሚሆን ጉድጓድ በአካፋ ቆፍሮ፣ የመስተዋቶቹ መመርመሪያ አደረገው። ጉድጓዱ ለቤተሰቡም ጠቀመ፤ የእህልና የአትክልት ማስቀመጫ፣ አውሎ ነፋስ ሲመጣም መጠለያ ሆነ።

በ1928 የሠራው ቴሌስኮፕ መስተዋት 23 ሳንቲ ሜትር ስፋት ነበረው። መቆሚያውንና ማዞሪያውን የሠራው ከአሮጌ የ1910 ቢዊክ መኪና ክፍሎችና ከወተት ቅባት መለያ መሣሪያ ላይ ከፈታቸው ብረቶች ነው። በዚህ መሣሪያ እያየ የጁፒተርንና የማርስን መልክ በእርሳስ ይስል ጀመር። ሥዕሎቹን አሪዞና ግዛት ፍላግስታፍ ከተማ ለሚገኘው ለሎዌል የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ላከ። የፈለገው አስተያየት ብቻ ነበር። የጣቢያው ኃላፊ ቬስቶ ስላይፈር ግን ሥዕሎቹን ከተመለከቱ በኋላ ሥራ ሰጡት። ዲግሪ የሌለው ወጣት በጃንዋሪ 1929 ባቡር ተሳፍሮ ሄደ።

ሁለት ሥዕል፣ አንድ ነጥብ

ጣቢያውን የመሠረተው ፐርሲቫል ሎዌል የተባለ ሀብታም ሰው ነበር። ሎዌል የኡራኑስ አካሄድ በስሌት ከሚጠበቀው ትንሽ ይለያል ብሎ ስላመነ፣ ከኔፕቱን ወዲያ ሆና የምትስባት ሌላ ትልቅ ፕላኔት መኖር አለባት አለ። በ1916 እስኪሞት ድረስ ፈለጋት፤ አላገኛትም። ፍለጋውን የመቀጠል ሥራ የተሰጠው እንግዲህ ለቶምቦ ነው።

የአሠራሩን ዘዴ በሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ሌሊት፣ እሳት በሌለበት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ የሰማዩን አንድ ክፍል በፎቶግራፍ መስተዋት ላይ ያነሣል። አንዱን ፎቶ ለማንሣት አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ያንኑ የሰማይ ክፍል እንደገና ያነሣል። ቀን ቀን ደግሞ ሁለቱን ፎቶዎች መሣሪያ ውስጥ ጎን ለጎን አስገብቶ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ቶሎ ቶሎ እያፈራረቀ በማጉሊያ ይመለከታል። ከዋክብት እጅግ ሩቅ ስለሆኑ ከቦታቸው አይነቃነቁም። ፕላኔት ከሆነች ግን በነዚያ ቀናት ውስጥ ስለተጓዘች ወዲያ ወዲህ የምትዘል ነጥብ ሆና ትታያለች። በአንድ ፎቶ ላይ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ከዋክብት ሊኖሩ ይችላሉ። እነዚያን ሁሉ በዓይን መልቀም ነው እንግዲህ ሥራው!

ቶምቦ አንድ ዓመት ያህል እንዲህ ሲሠራ ቆየ። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1930፣ በእኛ የካቲት 11 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ፣ በጃንዋሪ 23 እና 29 የተነሡትን ፎቶዎች ሲያፈራርቅ አንዲት ደብዛዛ ነጥብ ዘለለች። ወዲያው ሮጦ አልተናገረም። ሌላ ፎቶ አውጥቶ አመሳከረ፤ በስፍራዋ አገኛት። ከዚያ በኋላ ነው ለኃላፊው የነገራቸው። እነሱም ቢሆኑ ለሳምንታት ካረጋገጡ በኋላ ማርች 13 ቀን፣ ማለትም መጋቢት 4 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ ለዓለም አስታወቁ።

በዚያው መጋቢት የእኛ አገር ሰው ጭንቀት ሌላ ነበር። መቀመጫቸው እዚሁ ደብረ ታቦር የነበረው የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ መጋቢት 22 ቀን አንቺም ላይ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር ተዋግተው ወደቁ። በዚያ ዘመቻ አውሮፕላን የአዋጅ ወረቀት በትኗል፣ ቦምብም ጥሏል። የበጌምድር ሰው በዚያ ወር ወደ ሰማይ አንጋጦ ያየው ለፕላኔት ሳይሆን ለአውሮፕላን ነበር ማለት ይቻላል።

ለአዲሲቱ ፕላኔት ስም ያወጣችው ደግሞ ቬኔሺያ በርኒ የተባለች የ11 ዓመት የእንግሊዝ ልጅ ናት። ኦክስፎርድ ከተማ ቁርስ ላይ ሳለች ዜናውን ሰማችና የጨለማው ዓለም አምላክ ይባል የነበረውን የፕሉቶን ስም አነሣች። አያትዋ ለአንድ ፕሮፌሰር ነገሩ፤ ፕሮፌሰሩም በቴሌግራም ወደ አሜሪካ ላኩት። ስሙ የፐርሲቫል ሎዌልን መነሻ ፊደላት ስለያዘም ተወደደ። በሜይ 1930 ስሟ ፕሉቶ መሆኑ ተነገረ።

ከዝና በኋላ ተማሪ

ቶምቦ ስሙ በዓለም ጋዜጣ ሁሉ ከወጣ በኋላ ምን አደረገ ብትሉ፣ ተማሪ ሆነ። በ1932 ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ፕላኔት ያገኘ ሰው ከጀማሪዎች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀመጠ። በ1934 ፓትሪሺያ ኤድሰንን አገባ፤ በ1936 የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ ቀጥሎም ሁለተኛ ዲግሪውን ያዘ።

የሰማይ ፍለጋውንም አላቆመም። እስከ 1943 ድረስ ሌላ ፕላኔት ትኖር እንደሆነ እያለ ፈለገ። በዚያ ማፈራረቂያ መሣሪያ ላይ ያሳለፈው ጊዜ 7,000 ሰዓት ያህል ይገመታል። በመቶዎች የሚቆጠሩ አስትሮይዶችን ለየ፤ ሌላ ፕላኔት ግን አልተገኘም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለባሕር ኃይል ሠልጣኞች አቅጣጫ ፍለጋን አስተማረ። ከጦርነቱ በኋላ በዋይት ሳንድስ የሮኬቶችን በረራ በቴሌስኮፕ የመከታተያ ዘዴ ሠራ። ከ1955 እስከ 1973 ድረስ ደግሞ በኒው ሜክሲኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆኖ ቆይቶ በጡረታ ተገለለ። ለእኛ ከሁሉም የሚቀርበን ይህ የመጨረሻው ነው፤ ሙያው የተዘጋው በክፍል ውስጥ ነው።

ፕላኔቷ እያነሰች ሄደች

መጀመሪያ ላይ ፕሉቶ መሬትን የምታክል ልትሆን ትችላለች ተብሎ ይገመት ነበር። ዓመታት ባለፉ ቁጥር ግምቱ ቀነሰ። በ1978 ካሮን የተባለች ጨረቃዋ ስትገኝ የፕሉቶን ክብደት በትክክል ማስላት ተቻለ። የመሬትን አራት መቶኛ እንኳ አትሞላም። ስፋቷም ከዳር እስከ ዳር 2,377 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ከእኛ ጨረቃ ታንሳለች። ይህች ትንሽ አካል እንዴት ኡራኑስን ያህል ትጎትታለች? አትጎትትም። በ1989 ቮዬጀር 2 ኔፕቱን ዘንድ ደርሶ ክብደቷ እንደገና ሲለካ፣ የኡራኑስ አካሄድ ተዛባ መባሉ ራሱ ከስሌት ግምት የመጣ ሆኖ ተገኘ። ሎዌል ያላት ፕላኔት ከመጀመሪያውም አልነበረችም ማለት ነው። ፕሉቶ የተገኘችው የሎዌል ስሌት ትክክል ስለነበረ ሳይሆን ቶምቦ አንዲትም ነጥብ ሳይዘል ስለፈለገ ነው።

በ1992 ከኔፕቱን ወዲያ ሌላ ትንሽ አካል ተገኘ፤ ከዚያም ብዙ፣ በጣም ብዙ። ፕሉቶ ብቸኛ ሳትሆን ከብዙዎቹ አንዷ መሆኗ ይነገር ጀመር። ቶምቦ በሕይወት ስለነበረ ይህን ሰምቷል። በመጨረሻ ዓመታቱ ፕሉቶ ዘጠነኛ ፕላኔት ሆና እንድትቀር በጽሑፍ ተከራክሯል። ጃንዋሪ 17 ቀን 1997 በ90 ዓመቱ ላስ ክሩሰስ ከተማ ውስጥ አረፈ።

በ2005 ኤሪስ የተባለች፣ ስፋቷ ከፕሉቶ ጋር የምትቀራረብ አካል መገኘቷ ተነገረ። አሁን ምርጫው ሁለት ሆነ። ወይ ኤሪስንና ወደፊት የሚመጡትን ሁሉ ፕላኔት ማለት፣ ወይ ፕሉቶን ማውጣት። ነሐሴ 18 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ እኛ የደብረ ታቦርን በዓል ባከበርን በአምስተኛው ቀን፣ ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ፕራግ ላይ ድምፅ ሰጠ። በውሳኔው መሠረት አንድ አካል ፕላኔት ለመባል ፀሐይን መዞር፣ በራሱ ስበት ክብ መሆንና የሚዞርበትን መንገድ ከሌሎች አካላት ያጸዳ መሆን አለበት። ፕሉቶ ሁለቱን አለፈች፤ ሦስተኛው ላይ ወደቀች። ድንክ ፕላኔትም ተባለች።

ሕዝቡ ምን አለ?

የሳይንስ ስብሰባ ውሳኔ እንዲህ ሕዝብን ያስቆጣበት ጊዜ ብዙ አይደለም። ከውሳኔው በፊት እንኳ፣ ኒው ዮርክ የሚገኘው ሃይደን ፕላኔታሪየም በ2000 ፕሉቶን ከፕላኔቶች ጋር ሳያሰልፍ በመቅረቱ የአንደኛ ደረጃ ሕፃናት የቁጣ ደብዳቤ ጽፈውለት ነበር። ከውሳኔው በኋላ ቶምቦ ባስተማረበት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ተሰብስበው ተቃወሙ። ከ300 በላይ ሳይንቲስቶችም አዲሱን ትርጓሜ አንጠቀምበትም ብለው ፈረሙ። ቅሬታቸው መሠረት የሌለው አልነበረም፤ ወደ 10 ሺህ ከሚጠጉት የኅብረቱ አባላት መካከል ያንለት ድምፅ የሰጡት 424 ብቻ ነበሩና።

የኒው ሜክሲኮ ምክር ቤት በ2007፣ ቶምቦ የተወለደባት የኢሊኖይ ሴኔት ደግሞ በ2009 ለፕሉቶ ክብር ውሳኔ አሳለፉ። አሪዞና እስከ 2024 ቆይታ ፕሉቶን በሕግ የግዛቲቱ ፕላኔት አደረገቻት። እንዲያውም በአሜሪካ ሰውን ከማዕረጉ ዝቅ ማድረግ በፕሉቶ ስም እስከ መጠራት ደረሰ፤ የአገሪቱ የቋንቋ ምሁራን ማኅበርም ቃሉን የ2006 የዓመቱ ቃል ብሎ መረጠው።

ከሁሉ የረጋ መልስ የሰጡት ግን የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ፓትሪሺያ ናቸው። ባላቸው በሕይወት ቢኖር ቅር ይለው እንደነበር፣ ሆኖም ሳይንቲስት ስለነበረ እንዲህ ያሉ አካላት ከበዙ ችግር መፈጠሩን ይረዳ እንደነበር ተናገሩ። ሌላው ሁሉ ለፕሉቶ ሲከራከር እሳቸው ስለ ሰውየው ጠባይ መናገራቸው ያስመሰግናቸዋል።

ምን ተሰረዘ?

እዚህ ላይ ቆም ብለን ብንጠይቅስ? ዝርዝሩ የተለወጠው ያኔ ብቻ አይደለም። በ1801 ሴሬስ ስትገኝ ፕላኔት ተባለች፤ መሰሎቿ ሲበዙ ወደ አስትሮይድነት ዝቅ አለች፤ በ2006 ደግሞ ከፕሉቶ ጋር ድንክ ፕላኔት ሆነች። በእኛም አገር የጥንት ሊቃውንት የሚንቀሳቀሱትን ሰባት አድርገው ቆጥረዋል። ዙሐል፣ መሽተሪ፣ መሪኅ፣ ዝሁራና አጣርድ ከፀሐይና ከጨረቃ ጋር ማለት ነው፤ መሬት አልተቆጠረችም። ሰባት ያሉት ሰዎች ማየት ተስኗቸው አልነበረም። በዓይን የሚታየውን በሚገባ አይተው፣ በዘመናቸው ሚዛን መድበው ነው። ዘጠኝ ያሉትም እንደዚሁ።

ስለዚህ ሁለት ነገሮችን መለየት አለብን። ቶምቦ ያያት ነጥብ አለች፤ 248 ዓመት በሚፈጅ መንገድ ፀሐይን ትዞራለች፤ ከተገኘች ወዲህ ገና አንድ ዙር አልሞላችም። የተለወጠው ሰዎች የተስማሙበት መጠሪያዋ ነው። ስምምነት የሰው ሥራ ነውና አዲስ ነገር ሲታወቅ ይሻሻላል።

ይህ ስምምነት የሩቅ አገር ሰዎች ብቻ ጉዳይ ይመስለን ይሆናል፤ አይደለም። ያው ፕሉቶን ዝቅ ያደረገው ኅብረት በ2019 አገሮች ሁሉ በሌላ ኮከብ ዙሪያ ለምትዞር ፕላኔት ስም እንዲያወጡ ጋበዘ። ለኢትዮጵያ የደረሳት በአንድሮሜዳ ክምችት ያለ ኮከብ ነበር። ኮከቡ ቡና፣ ፕላኔቷ ደግሞ አቦል ተባሉ። ከቬኔሺያ በርኒ ቁርስ ተነሥቶ የስም ማውጣቱ ተራ እኛ ቡና ላይ ደረሰ ማለት ነው።

ቶምቦም ቢሆን ወደ ፕሉቶ መሄዱ አልቀረም። ኒው ሆራይዘንስ የተባለችው መንኩራኩር በጃንዋሪ 2006፣ ድምፁ ሊሰጥ ሰባት ወር ሲቀረው፣ ከአስከሬኑ አመድ ጥቂቱን ይዛ ተወነጨፈች። ስትነሣ ፕላኔት የነበረችው ጁላይ 14 ቀን 2015 ስትደርስባት ድንክ ፕላኔት ሆና ጠበቀቻት። የላከችው ፎቶ የልብ ቅርጽ ያለው ብሩህ ስፍራ አሳየ። ያ ስፍራ ዛሬ በቶምቦ ስም ይጠራል።

ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። አባቴ ዘጠኝ ነው ይላል ለሚለው ልጅ፣ አባትህ በተማረበት ዘመን ዘጠኝ ነበሩ፤ ዛሬ በስምምነቱ ስምንት ናቸው፤ ለምን እንደተለወጠ ደግሞ አብረን እንይ ብንለው አባቱንም አናዋርድ፣ ትምህርቱንም አናጎድል። ፈተና ላይ ስምንት ብሎ እንዲጽፍ ማስተማር ግዴታችን ነው። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ሳናሳየው ብናልፍ ግን፣ ቁጥሩ እንደገና በተለወጠ ቀን ሳይንስን ራሱን ውሸት ነው ይላል።

ለማሳየት ደግሞ ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። ሁለት ወረቀት ብቻ ይበቃል። በአንደኛው ላይ ሠላሳ ያህል ነጥቦች በእርሳስ ማድረግ፤ ሁለተኛውን በላዩ አስቀምጦ ብርሃን ላይ ይዞ ነጥቦቹን ባሉበት መገልበጥ፤ አንዲቷን ብቻ ግን አንድ ጣት ያህል ፈቀቅ ማድረግ። ከዚያ ሁለቱን ወረቀቶች ቶሎ ቶሎ እያፈራረቁ ለልጆቹ ማሳየትና የተንቀሳቀሰችውን ፈልጉ ማለት ነው። መጀመሪያ ያገኘው ልጅ ለነጥቧ ስም ያውጣላት።

በሚቀጥለው የማስተማር ልምምድ ጊዜ የሞከራችሁት ካላችሁ ውጤቱን ለጋዜጣው አዘጋጆች ጻፉልን። በዘጠኙ የሚከራከሩ መምህራንም አስተያየታቸውን ቢልኩልን በደስታ እንለጥፋለን።